ሥልጠናው በሆቴል አዳራሽ፣ ሕመምተኛው በድንገተኛ ክፍል

አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በፈጣኑ መንገድ በቀላሉ የምትደረስ፣ ሆቴሎቿና አዳራሾቿም የበዙ በመሆናቸው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ የክልል ቢሮዎችና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን የሚያሠለጥኑት ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው። ከሠልጣኞቹ መካከል ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖችና ነርሶች አይጠፉም። ደብተርና ቦርሳ ተቀብለው፣ በፕሮጀክተር የሚታየውን ትምህርት ተከታትለው፣ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ይዘው ወደየሆስፒታላቸው ይመለሳሉ።

በዚያው ከተማ፣ አንጋፋ ነዋሪዎች እስከ ዛሬ «ኃይለማርያም ማሞ» እያሉ የሚጠሩት የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ድንገተኛ ክፍል ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ከወለንጪቲ፣ ከመተሐራ፣ ከወንጂና ከሞጆ በአምቡላንስ፣ በሚኒባስ፣ አንዳንዴም በባጃጅ የተጫነ ሕመምተኛ ይደርሰዋል። በአዳራሹ የተሰጠው ትምህርት በዚህ ክፍል፣ ከዚህም ክፍል በፊት ሕመምተኛውን በተቀበለው ትንሽ ሆስፒታል፣ ምን ያህል ሕይወት እያተረፈ ነው? ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ለማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በየዓመቱ የሚያዋጣውን አርሶ አደርም፣ በከተማ የሚኖረውን ሠራተኛና ነጋዴም በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ ነው።

ሕጉ በበኩሉ ግልጽ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299 እና ጤና ሚኒስቴር ከዚያ ወዲህ ያወጣቸው መመሪያዎች፣ የጤና ባለሙያ የሙያ ሥራ ፈቃዱን ሲያሳድስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መከታተሉን እንዲያስረዳ ያስገድዳሉ። ትምህርቱ በነጥብ ይቆጠራል፤ ነጥቡን ያላሟላ ፈቃዱ አይታደስለትም። ሐሳቡ ትክክለኛ ነው። ጥያቄው ነጥቡ የሚለካው ምንን እንደሆነ ነው።

ሌሊት የሚመጡት እነማን ናቸው?

የስምጥ ሸለቆ ከተሞችን የድንገተኛ ሕክምና ፍላጎት ለመረዳት መንገዱን፣ ማሳውንና ውኃውን መመልከት ይበቃል። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው የከባድ ተሽከርካሪ መስመር፣ ከድሬዳዋና ከሐረር የሚመጣው፣ ከባሌና ከአሰላ የሚወርደው ሁሉ በአዳማ ይገናኛል። ከሞጆ የሚገነጠለው ፈጣን መንገድም መቂን አልፎ ባቱ ደርሷል። መንገዱ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ሳይበላሽ ለገበያ ያደርሳል፤ ፍጥነቱ ግን ቀድሞ በዚህ መጠን ያልነበረ የአካል ጉዳት አስከትሏል። ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ በአፉ የሚናገር፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ደኅና የሚመስል ሰው ከአደጋው ቦታ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ለይቶ ማወቅ ልምምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

በመስኖ አውታሮችና በሐይቆቹ ዳርቻ ደግሞ ወባ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ ተይዘው 1,157 ሰዎች ሞተዋል። የበሽታው ጫና የበረታው በምዕራብ ኦሮሚያ ቢሆንም፣ የአዋሽና የዝዋይ አካባቢ ነዋሪ ወባን ከማንም በላይ ያውቃታል። ከእነዚህ ሌላ ወሊዱ የጠናባት እናት፣ ሳንባው የታመመ ሕፃን፣ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ አንደበቱ የተሳሰረ አዛውንት፣ በፀረ-ተባይ ኬሚካል የተመረዘ ወጣት አሉ።

እነዚህን ሁሉ መጀመሪያ የሚቀበላቸው ማን ነው? እንደ መቂ፣ ሞጆና ወለንጪቲ ባሉ ከተሞች ሌሊት ተረኛ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ከሕክምና ትምህርት ቤት ከወጣ ጥቂት ዓመት የሆነው አንድ ጠቅላላ ሐኪም ነው። አብሮት ነርሶች፣ እንደ ሁኔታውም ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለወሊድ የሠለጠኑ ጤና መኮንኖች ይኖራሉ። ስፔሻሊስት ሐኪሞች የሚገኙት እንደ ባቱና ቢሾፍቱ ባሉ አጠቃላይ ሆስፒታሎች፣ በብዛት ደግሞ በአዳማ፣ በአሰላና በሻሸመኔ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው በሕይወት ወደ ስፔሻሊስቱ መድረሱን የሚወስነው የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ያለው በወጣቱ ሐኪም እጅ ነው። የተከታታይ ትምህርት ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚመለከተውም እርሱን ነው።

እዚህ ላይ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ያለውን አንድ እምነት ማንሣት ተገቢ ይሆናል። ሽበት ያለው ሐኪም ከወጣቱ ይሻላል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ700 ሺሕ በላይ የአረጋውያን የሆስፒታል ሕክምናዎችን መርምሮ ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በታች በሆኑ ሐኪሞች ከታከሙት ውስጥ በ30 ቀን ጊዜ የሞቱት ከመቶ 10.8 ሲሆኑ፣ 60 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ከታከሙት ግን ከመቶ 12.1 ነበሩ። በየዓመቱ ብዙ ሕመምተኛ በሚያዩ ሐኪሞች ዘንድ ግን በዕድሜ ምክንያት የታየ ልዩነት አልነበረም። የአሜሪካን ሆስፒታል ከእኛ ጋር ማነጻጸር እንደማይቻል እሙን ነው። ሆኖም ዕውቀት በጊዜ ብዛት ብቻ እንደማይጠና፣ በሥራና በትምህርት ካልታደሰ እንደሚያረጅ ያሳያል።

ዕውቀት እንዴት ያረጃል?

ለአርሲና ለባሌ አርሶ አደር ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። «ዲገሉ» የተባለው የስንዴ ዝርያ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በስፋት ተዘርቶ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የምርት ዘመን የግንድ ዋግ አዲስ ዝርያ መጥቶ ማሳውን አጠፋው። ዘሩን የመከሩት ባለሙያዎች በሰዓቱ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት፤ ዋጉ ግን ተለውጦ ነበር። በሕክምናም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፤ አንዳንዴ የሚለወጠው በሽታው ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ስለ በሽታው ያለን ዕውቀት።

ሕዝባችን «ግሉኮስ» እያለ የሚጠራውን በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ እንውሰድ። ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት የሰፈረው ትምህርት፣ ኢንፌክሽን በሰውነቱ ተሠራጭቶ የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ሕፃን ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት መስጠት ያድነዋል የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ በ3,141 ሕፃናት ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት ውጤቱ ሲታወቅ ብዙ ሐኪሞች ደነገጡ። ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 10.5 ያህል ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው ግን 7.3 ነበሩ። በ2017 በዛምቢያ ርእሰ ከተማ ሉሳካ በ212 አዋቂዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የነበረ፣ ሴፕሲስ በሚባለው የተሠራጨ ኢንፌክሽን ምክንያት የደም ግፊታቸው የወረደ ሕሙማን ነበሩ። ብዙ ፈሳሽ በቶሎ ከተሰጣቸው ሆስፒታል ውስጥ ሳሉ የሞቱት ከመቶ 48.1፣ በተለመደው አሠራር ከታከሙት ደግሞ 33 ሆነው ተገኙ።

አንባቢ ከዚህ የተሳሳተ መደምደሚያ እንዳይወስድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ተቅማጥና ትውከት ውኃውን የጨረሰበት ሕፃን ፈሳሽ የግድ ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ሕፃናት በጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። ቁም ነገሩ ሁለቱ ሕፃናት በር ላይ ሲታዩ የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው፤ ሁለቱም እጃቸው ይቀዘቅዛል፣ ሁለቱም ይዝላሉ። አንዱን የሚያድነው ሌላውን ሊገድል ይችላል። ከጥናቱ በፊት የተመረቀና ከዚያ ወዲህ ምንም ያላነበበ ሐኪም በቅን ልቦና የተማረውን ይሠራል።

ለከባድ ወባም እንዲሁ ነው። በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናት የተሳተፉበትና በ2010 የታተመ ጥናት፣ በኩዊኒን ከታከሙት ከመቶ 10.9 ሲሞቱ በአርቴሱኔት መርፌ ከታከሙት የሞቱት 8.5 መሆናቸውን አረጋገጠ። ዛሬ አርቴሱኔት ቀዳሚው መድኃኒት ነው።

ለመቂና ለባቱ አርሶ አደሮች ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን የፀረ-ተባይ መመረዝ ነው። ማላታይንና መሰሎቹ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ኬሚካሎች በሽንኩርትና በቲማቲም ማሳ ላይ ይረጫሉ፤ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ፣ በነፋስ አቅጣጫ ሳይጠነቀቁ ሲረጩ ሰውን ይመርዛሉ። በልጅ እጅ የገባ፣ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ኬሚካልም አለ፤ በጭንቅ ሰዓት ሆን ተብሎ የሚጠጣበት ጊዜም አለ። የተመረዘው ሰው ምራቁ ይዝረበረባል፣ ላብ ያሰምጠዋል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ሳንባው በፈሳሽ ተሞልቶ ትንፋሹ ይንኮራኮራል። የሚሞተውም በዚህ ነው፤ በደረቅ መሬት ላይ እንደ ሰጠመ ሰው።

ማርከሻው አትሮፒን የተባለ መድኃኒት ሲሆን፣ ውድም ብርቅም አይደለም። አስቸጋሪው አሰጣጡ ነው። በብዙ ቦታ የቆየው ልማድ የተወሰነ መጠን ሰጥቶ፣ ቆይቶ አይቶ፣ እንደገና ያንኑ መጠን መድገም ነበር። አሁን የሚመከረው በየአምስት ደቂቃው መጠኑን በእጥፍ እያሳደጉ፣ ደረትን በማዳመጫ እየፈተሹ፣ ሳንባው ከፈሳሹ እስኪጠራና የልብ ምቱና የደም ግፊቱ እስኪስተካከል ድረስ መቀጠል፣ ከዚያም ሳያቋርጡ በዝግታ መስጠት ነው። በባንግላዴሽ ቺታጎንግ ሆስፒታል 156 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2012 የታተመ ጥናት ሁለቱን መንገዶች አነጻጽሯል። በቀድሞው ልማድ ከታከሙት ከመቶ 22.5 ሲሞቱ በአዲሱ መንገድ ከታከሙት የሞቱት 8 ብቻ ናቸው። መድኃኒቱ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው አሰጣጡን ማወቅ ነው።

አትሮፒንን በዚህ መንገድ መስጠትን ደግሞ ከስላይድ ላይ አንብቦ ብቻ መማር አይቻልም። የመጀመሪያውን ሕመምተኛ የሚያክም ወጣት ሐኪም የሚያስፈልገው አምፑል ሲበዛ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ «መጠን አበዛሁ እንዴ?» ብሎ ያቆማል። አጠገቡ ሆኖ «ደረቱን ስማ፣ ገና አልጠራም፣ ቀጥል» የሚለው ልምድ ያለው ሰው ያስፈልገዋል፤ በአካል ካልተገኘም ቢያንስ በስልክ።

ከጄኔቫ እስከ አዳማ አዳራሽ

ኢትዮጵያ በዚህ ዘርፍ ባዶ እጇን አልተቀመጠችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ጀመረ፤ የአሜሪካው ዊስኮንሲንና የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን እየተመላለሱ አግዘዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዎቹ የአገሪቱ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ተመረቁ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር በጄኔቫ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ፣ በድንገት ለታመሙና ለተጎዱ ሰዎች ወቅቱን የጠበቀ ሕክምና እንዲዳረስ የሚጠይቀውን ውሳኔ ቁጥር 72.16 ሲያጸድቅ፣ ሐሳቡን በግንባር ቀደምነት ካቀረቡት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ውሳኔው ድንገተኛ ሕሙማንን የሚያክሙ ባለሙያዎች ሁሉ ተገቢውን ሥልጠና እንዲያገኙ አገሮችን ያሳስባል።

የሚሰጠው ትምህርትም ተዘጋጅቶ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ2018 ያወጡት የመሠረታዊ ድንገተኛ ሕክምና ኮርስ አምስት ቀን ያህል የሚወስድ ነው። ትንፋሽ ያጠረውን፣ የደም ዝውውሩ የተዳከመውን፣ ራሱን የሳተውንና በአደጋ የተጎዳውን ሰው በተራ ቁሳቁስ እንዴት መታደግ እንደሚቻል ያስተምራል። ለትንሽ ሆስፒታል ታስቦ የተሠራ ነው።

እንግዲህ ትምህርቱ ካለ፣ ሕጉም ካለ፣ የጎደለው ምንድን ነው? በዚህ ጸሐፊ እምነት ትልቁ ጉድለት ትምህርቱ የሚሰጥበት ቦታና የሚለካበት መንገድ ነው።

ለሥልጠና ወደ አዳማ የሚላከው ማን እንደሆነ እናስብ። አበል ያለው ሥልጠና እንደ ጥቅም ስለሚቆጠር፣ ዕድሉ የሚደርሰው ሁልጊዜ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ለሚያድረው አይደለም፤ ተራ የደረሰው፣ ኃላፊነት ላይ ያለው ወይም በዚያ ሳምንት ከሥራ መለየት የሚችለው ይሄዳል። ሐኪሙ ከሄደ ደግሞ ሦስት ወይም አራት ሐኪም ባለው ሆስፒታል የሌሊት ተራው በቀሩት ላይ ይወድቃል። ሲመለስ የተማረው ለብቻው ነው፤ ተረኛዋ ነርስ አልተማረችም፣ መድኃኒት ቤቱ አዲሱን መጠን አያውቅም፣ ድንገተኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው መመሪያ የድሮው ነው። ድንገተኛ ሕክምና የአንድ ሰው ሥራ ባለመሆኑ ብቻውን የተማረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀድሞው ልማድ ይመለሳል። የምስክር ወረቀቱ ግን ነጥብ ሆኖ ተቆጥሯል።

የአዳማን ሆቴሎች ለመክሰስ እየተጻፈ እንዳልሆነ ይታወቅ። ሥልጠናዎቹ ለአስተናጋጁም፣ ለባጃጅ ነጂውም፣ ለአትክልት ነጋዴዋም እንጀራ ናቸው። የግብር ሰብሳቢዎችና የሒሳብ ሠራተኞች ሥልጠና በአዳራሽ ቢሰጥ የሚጎዳ የለም። ድንገተኛ ሕሙማንን ማከም ግን በባሕርዩ የእጅና የዓይን ሙያ ነው።

ምርምሩም ይህንኑ ይደግፋል። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን ደምሮ ሲያይ፣ ስብሰባና ዐውደ ጥናት ብቻውን በሐኪሞች አሠራር ላይ የሚያመጣው መሻሻል በአማካይ ከመቶ 6 ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ታዳጊ አገሮችን የተመለከተና በ2018 የታተመ ሌላ ሰፊ ግምገማም የታተመ መመሪያ ማደል ብቻውን ከቁጥር የማይገባ ለውጥ እንደሚያመጣ፣ ሥልጠናና በሥራ ቦታ የሚደረግ ድጋፋዊ ክትትል ሲጣመሩ ግን ውጤቱ ጎልቶ እንደሚታይ አመልክቷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የማላዊ ታሪክ ነው። በብላንታየር ከተማ የሚገኘው ንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል፣ ተሰልፈው ከሚጠብቁት ልጆች መካከል እጅግ የታመመውን ለይቶ ማስቀደም ጀመረ። ሠራተኞቹን በዚያው በሥራ ቦታቸው አሠለጠነ፤ ድንገተኛውን ክፍልና ተመላላሽ ሕክምናውን አቀራርቦ አደራጀ። ተኝተው ከሚታከሙ ሕፃናት ቀድሞ ከመቶ ከ10 እስከ 18 ይሞቱ የነበረው ወደ 6 እና 8 ዝቅ አለ። ማላዊ ከእኛ የበለጸገች አገር አይደለችም።

በአልጋው አጠገብ

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለእንዲህ ያለው አሠራር አመቺ ናቸው። ከአዳማ እስከ ባቱ ያሉት ሆስፒታሎች በጥሩ መንገድ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንድ መኪና በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይችላል። በአዳማ የሕክምና ኮሌጅ፣ በአሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ በሻሸመኔም ትልቅ ሆስፒታል አለ። አንድ የድንገተኛ ሕክምና ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስትና አንዲት ልምድ ያላት ነርስ በወር ሁለት ቀን መቂ ሄደው ቢውሉ፣ ቢቻል ቢያድሩ፣ ተረኛው ሐኪም ሥራውን ሳይለቅ ይማራል፤ ነርሷም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውም አብረው ይማራሉ። የኦክስጅን መለኪያው ባትሪ ማለቁን፣ አትሮፒኑ በመጋዘን ተቆልፎ ሌሊት ቁልፍ የያዘው ሰው አለመገኘቱን የሚያየው እንዲህ ያለ ጎብኚ ነው። አዳራሽ ውስጥ እነዚህ ነገሮች አይታዩም።

ሁለተኛው የትምህርት ምንጭ ሞት ነው። አገራችን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእናቶችን ሞት እየመዘገበች፣ እያንዳንዱ ሞት ለምን እንደደረሰ በኮሚቴ የምትገመግምበት ሥርዓት ዘርግታለች። ለወላዶች የተቻለው ለሌሎች ድንገተኛ ሕሙማን የማይቻልበት ምክንያት የለም። በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ የሞተ ሕመምተኛ ሁሉ፣ ተወቃሽ ሳይፈለግ፣ ሐኪሞቹና ነርሶቹ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተቀምጠው ቢወያዩበት አበል አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ግምገማ በተከታታይ ትምህርት ነጥብ ቢቆጠር፣ ምናልባትም ከአዳራሹ ሥልጠና የላቀ ነጥብ ቢያስገኝ፣ የሐኪሞቹ ትኩረት ወዴት እንደሚያዘነብል መገመት አያስቸግርም።

ሦስተኛው የሪፈር ወረቀቱ ነው። ከወለንጪቲ ወደ አዳማ የተላከ ሕመምተኛ ምን እንደደረሰበት የላከው ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም። ትክክል ሠርቶ እንደሆነ ወይም አንድ ነገር አልፎት እንደሆነ ሳያውቅ ቀጣዩን ይልካል። ተቀባዩ ሐኪም በማግስቱ አንድ አጭር መልእክት ቢመልስለት ትምህርት ነው፤ ሁሉም ስልክ ይዟል።

ተቃራኒ ሐሳብ አለ፤ ሊደመጥም ይገባዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ በመላ አገሪቱ ጎልቶ ተሰምቶ ነበር። ብዙ ሐኪሞች የሚሉት ይህን ነው፦ ኑሮው የከበደበትን ባለሙያ ከሥልጠና አበል ነጥሎ «በሥራ ቦታህ ተማር» ማለት የነበረችውንም ትንሽ ጥቅም መንጠቅ ነው፤ ኦክስጅን በሌለበት ስለ ኦክስጅን፣ ደም ባንክ በራቀበት ስለ ደም መፍሰስ ማስተማርም ከንቱ ነው። በመጀመሪያው ነገር ልክ ናቸው። አበል የደመወዝ ማሟያ እስከሆነ ድረስ የሥልጠና ምርጫ በትምህርት ፍላጎት ሊመራ አይችልም፤ ስለዚህ የደመወዙ ጥያቄ የትምህርትም ጥያቄ ነው። በሁለተኛው ግን በከፊል ብቻ ነው የሚያስኬደው። የዕቃ እጥረቱ እውነት ነው። ሆኖም ሕመምተኞችን እንደ ሕመማቸው ክብደት ለይቶ ማስቀደም፣ አትሮፒንን በትክክለኛው መንገድ መስጠት፣ ለሕፃኑ ፈሳሽ ከመስጠት በፊት ቆም ብሎ ማሰብ አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም።

ሌላው ስጋት ደግሞ በአልጋው አጠገብ የሚሰጥ ትምህርት ለቁጥጥር አይመችም የሚል ነው። በአዳራሽ ስም ይፈረማል፤ በሆስፒታል ማን ምን እንደተማረ በምን ይታወቃል? ይህ ፈቃድ የሚያድሱት አካላት ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው። መመሪያው በሥራ ላይ ለሚገኝ ትምህርት ተገቢውን ዋጋ እስካልሰጠ ድረስ፣ ሐኪሙ ነጥብ ፍለጋ ወደ አዳራሹ ቢሄድ አይፈረድበትም።

የከተማና የገጠር ነዋሪ በዚህ ጉዳይ ተመልካች ብቻ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት የለም። የመንግሥት ሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርድ አላቸው፤ በቦርዱም የኅብረተሰቡ ተወካይ ይቀመጣል። ሆስፒታሎች ከሚሰበስቡት ገቢ ከፊሉን ለአገልግሎት ማሻሻያ መጠቀም ይችላሉ፤ ለአጥርና ለቀለም እንደሚመደበው ሁሉ ለአንድ የአስተማሪ ቡድን የነዳጅ ወጪ ሊመደብ ይችላል። የጤና መድን መዋጮ በሚሰበሰብበት ወቅት በየቀበሌው የሚደረገው ውይይት ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት እጥረትና በወረፋ ላይ ያተኩራል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። በእነዚያ ስብሰባዎች ላይ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ሊቀርቡ የሚችሉ ሌሎች ጥያቄዎችም አሉ። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚያድሩት ሐኪሞችና ነርሶች ባለፈው አንድ ዓመት ስለ ድንገተኛ ሕክምና ምን ተማሩ? በደረሱ በአንድ ቀን ውስጥ የሞቱ ሕሙማን ስንት ናቸው፣ ምክንያቱስ ተገምግሟል? በፀረ-ተባይ ለተመረዘ ሰው የሚሰጠው አትሮፒን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ስንት አምፑል አለ፣ ሌሊት ቁልፉ የሚገኘውስ በማን እጅ ነው?